የማይተያዩት ፍቅረኞች

የመጽሐፍ ሽፋን የሚሥሉ ሰዎች መጽሐፉን አያነቡም ብል አንዳንዶቻችሁ ትቆጡ ይሆናል። ተቆጡ። እኔ ነቀምት አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ሣጥን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ከዲጋ የሚመጣውንም ወደ ሲሬ የሚሄደውንም መንገደኛ በመስኮት እየለመንኩ መጽሐፍ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ሽፋን አይቻለሁ። ልቧ በሐዘን የተሰበረ ልጃገረድ ናት ተብላ የተሣለችው ሴት አንገቷ እንደ ብርሌ ይረዝማል፤ ከንፈሯ ላይ መዋል የነበረበት ቀይ ቀለም ማተሚያ ቤት ውስጥ ተንሸራቶ አገጯ ላይ ያርፍና፣ ያዘነች ሳትሆን ወጥ በልታ አፏን ያልጠረገች ትመስላለች። ሽጉጥ የያዘ ወንድ ካያችሁ ጣቶቹን ቁጠሩ። ስድስት ናቸው። አምስት ካልሆኑለት ደግሞ ሠዓሊው እጁን ኪሱ ይከትለታል፤ የድርሰቶቻችን ጀግና ሁሉ እጁን ኪሱ ከቶ የሚያፈቅረው፣ እጁን ኪሱ ከቶ የሚሞተው ለዚህ ነው። መኪናም ከተሣለ አራቱም ጎማዎች ባንድ በኩል ተደርድረው ይታያሉ፤ አንዱ እንኳ ተደብቆ ባለ መኪናው እንዳይቀየም ነው መሰለኝ።

ትሥቃላችሁ። እኔም እሥቅ ነበር። ሣቄ የቆመው ራሴ ሽፋን ላይ የወጣሁ ቀን ነው።

ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ትቼ ከተማው ውስጥ ስንከራተት ያደግሁ ስለሆንኩ፣ ነቀምት ውስጥ የማያውቀኝ የለም። ስሜን የሚያውቅ ግን የለም። «አንተ መጽሐፍ!» ነው የሚሉኝ። ቀኑን ሙሉ እለፈልፋለሁ፤ ማታ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወደተከራየኋት ክፍል ስመለስ ግን በሩን የማንኳኳውም እኔ፣ «ማነው?» የምለውም እኔ ነኝ። አትዘኑልኝ፤ ከመልመድ ብዛት ሁለት ሰው ነን ማለት ጀምሬ ነበር።

እንግዲህ አቶ ደረሰ የሚባሉ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጠው የሰው ማመልከቻ ሲጽፉ የሚውሉ ጸሐፊ፣ አንድ ቀን ድርሰት ደረሱ። ርዕሱን ልተወው፤ ውስጡ ሁለት ጊዜ «እንባ» አለበት። ሊያሳትሙት አዲስ አበባ ከመውሰዳቸው በፊት ሽፋኑ እዚሁ ይሣል አሉና ጋሽ መርሻ ዘንድ ሄዱ፤ መጽሐፉን የምሸጥላቸው እኔ ነኝና እኔንም አስከትለው። ጋሽ መርሻ ጎጃም ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምረው ያደጉ፣ ነቀምት መጥተው ግን በጠጅ ቤት ግድግዳና በጭነት መኪና በር ላይ አንበሳ ሲሥሉ የሚውሉ ሰው ናቸው። አንበሶቻቸው ሁሉ የጻድቅ ፊት አላቸው።

«ልጁና ልጅቷ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ» አሉ አቶ ደረሰ።

«ዓይን ለዓይን ከተያዩ በጎን ልሥላቸው ነው?»

«በጎን።»

«ባንድ ዓይን?»

«በጎን ሲታይ እንግዲህ አንድ ዓይን ነው የሚታየው፣ ጋሽ መርሻ።»

ጋሽ መርሻ ብሩሻቸውን አስቀመጡ። «ባንድ ዓይን የሚሣል ሰይጣን ነው። ይሁዳ ነው። ሰው ስላፈቀረ ዓይኑን ላጥፋው?»

ሁለት ቀን ተከራከሩ። የጋሽ መርሻ ትምህርት እንዲህ ነው፦ ደግ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ሁለት ዓይን ያወጣል፤ ክፉ በጎን ይዞርና አንድ ይቀርለታል። አቶ ደረሰ የሳቸው ፍቅረኞች ከይሁዳ ጋር እንዲቆጠሩ ስላልፈለጉ ተሸነፉ። ፍቅረኞቹ ጎን ለጎን ሊቀመጡ፣ ሳይተያዩ እኛን ሊያዩ ተወሰነ።

«የማየው ፊት ያስፈልገኛል» አሉ ጋሽ መርሻ፤ ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንተ መጽሐፍ፣ ዓይንህ ትልልቅ ነው፤ ለጻድቅ ይሆናል። ልጅቷን ከየት እናምጣ?»

«ጫልቱ» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ጫልቱ አውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ ከአክስቷ ጋር በቆሎ እየጠበሰች የምትሸጥ ልጅ ናት። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣልኝ ከማንም በፊት ሽፋኑን የማሳየው ለሷ ነው። «አንተ መጽሐፍ፣ ዛሬስ ስንት ሴት ተሸክመሃል?» ትለኝና፣ ማራገቢያዋን ጥላ ጣት ትቆጥራለች። ስድስተኛውን ስታገኝ የምትሥቀው ሣቅ እስከ ፖሊስ ጣቢያው ይሰማል። ያንን ሣቅ ፍለጋ ሽፋናቸው የከፋባቸውን መጻሕፍት እየመረጥኩ ያስመጣሁበት ጊዜ አለ። በልቤ ያለውን ግን ነግሬያት አላውቅም። በምን አፌ? ሽማግሌ የሚልክልኝ አባት የለኝም፤ ለሽማግሌ የሚነገር ዘመድም ንብረትም የለኝም። ሽማግሌዬ ይህ ሥዕል ይሁን አልኩ። ጎኔ ስትቀመጥ እነግራታለሁ።

«እኔን? አገጬ ላይ ቀለም ሊደፉብኝ?» ብላ ሣቀች።

«ከእኔ ጎን ነው የምትቀመጪው።»

ሣቋን አቆመች። በቆሎው አረረ። «ቅዳሜ ከገበያ በኋላ እመጣለሁ» አለች።

ቅዳሜ ሸሚዜን አጥቤ፣ የአቶ ደረሰን ኮትና ከረባት ተውሼ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ወደ ቀኝ ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ። ጋሽ መርሻ እኔን ሣሉ። ኮቱን ሣሉ። እጄን ኪሴ ከተቱ። በግራዬ ያለው ባዶ ቦታ ባዶውን ቆየ። በመጨረሻ ተነሥቼ ወደ ማቆሚያው ሮጥኩ። አክስቷ ብቻዋን እሳት ታራግባለች።

«ጫልቱ የለችም፣ አንተ መጽሐፍ። ሲሬ ተሰጠች። ሽማግሌ ከመጣ ቆይቷል፤ ቃል ገብተን ነበር። ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው፤ የራሱ የስፌት መኪና አለው። ደህና ሰው ነው።» ከዚያ አንድ በቆሎ አንሥታ ሰጠችኝ። ሴትዮዋ ነገሩን ሳታውቀው አልቀረችም።

ስመለስ ጋሽ መርሻ ተቆጡኝ። «ቀለሙ ደረቀ እኮ! ልጅቷስ?»

«አትመጣም።»

ሰው ሊፈልጉ ወጥተው ተመለሱ። ሴት ልጁን ለሥዕል የሚሰጥ ቤተሰብ አልተገኘም። በመጨረሻ የሚስታቸውን ነጠላ አመጡና ራሴ ላይ ጣሉት።

«ወደ ግራ ጠጋ በል። አንገትህን ሰበር። እንደ ሴት አስብ።»

«ሴት ምን ታስባለች?»

«እኔ ምን አውቄ! ዝም ብለህ እዘን።»

እሱ አላስቸገረኝም።

እንዲህ ሆነና በቀኝ ሆኜ አፈቀርኩ፣ ወደ ግራ ተሻግሬ ተፈቀርኩ። መጽሐፉ ክረምቱ ሲወጣ ከአዲስ አበባ በጆንያ መጣ። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ፊት። ዓይኖቻቸው የድንች ያህል፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንባቢውን ያፈጡበታል። የሷ ቀይ ቀለም እንደ ልማዱ ተንሸራቶ የኔ ጉንጭ ላይ ስላረፈ፣ ሳታየኝ የሳመችኝ መስሏል። ጋሽ መርሻም እጃቸው ለምዶባቸው በራሳችን ዙሪያ ትንሽ ቢጫ ብርሃን አክለውበታል። አቶ ደረሰ አገላብጠው አዩትና፣ «ተአምረ ምን እንበለው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። የጎጃምና የሸዋ እናቶች ሽፋኑን ሲያዩ ሊሳለሙት ይዳዳቸዋል፤ ፕሮቴስታንቶቹ ደግሞ እኛ ሥዕል አንሳለምም ብለው ይሸሹታል። አንዳቸውም አይገዙትም።

በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የራሴን ፊት ከራሴ ፊት ሥር ይዤ፣ በየመስኮቱ ቆሜ፣ አንድ ሰው እንኳ አላወቀኝም። እናንተም ገዝታችሁኝ ይሆናል።

ሲሬ ለረጅም ጊዜ አልሄድኩም። አንድ ቀን ግን ነቀምት ገበያው ሞተብኝና አውቶቡሱ ላይ ተሳፈርኩ። ሲሬ ቆመን ስወርድ ከኋላዬ፣ «አካም ጂርታ፣ እንዴት ነህ፣ አንተ መጽሐፍ! ዛሬስ ስንት ሴት ተሸክመሃል?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጫልቱ ናት። ሻሽ አስራለች፤ ቀሚሷ በልኳ ተሰፍቷል። ሰፊው ጎበዝ ነው፤ ምን ይደረግ።

«አንዲት ብቻ» አልኩና መጽሐፉን ሰጠኋት። ገና ስታየው ያ የድሮ ሣቋ አመለጣት። ከዚያ ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

«ቆይ። ይሄ አንተ ነህ!»

በወለጋ ምድር ያወቀኝ ሰው አንድ ተገኘ።

ቀና ሳትል፣ «ያን ቅዳሜ ልመጣ ነበር፤ ዓርብ ወሰዱኝ» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

በአውራ ጣቷ የልጅቷን ነጠላ ነካ አደረገችው። «እሷስ ማናት? በእኔ ቦታ የተቀመጠችው?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ነኝ ብላት ትሥቃለች፤ ሣቋን ደግሞ እወደዋለሁ። ግን ከሣቀች በኋላ ምን ልትሆን ነው? ባሏ ደህና ሰው ነው፤ ቤቷ እዚያ ነው። እኔን እያሰበች አንድ ቀን እንኳ ብታዝን ለማን ይጠቅማል?

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው የምትኖረው» አልኳት።

«ከአንተ ጋር?»

«ከእኔ ጋር።»

ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁት፤ ከባድ ነገር ያወረደች ያህል። ሥዕሉን እንደገና አየችው። «እና ለምን አትተያዩም? ተኳርፋችሁ ነው?»

«ሠዓሊው ነው። ብንተያይ ባንድ ዓይን እንቀር ነበር።»

አልገባትም፤ ግን ፈገግ አለች። «ደግ ፊት አላት። የማውቃት የማውቃት ይመስለኛል።» ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። መጽሐፉን መልሳ ሣጥኔ ላይ አስቀመጠችና እጄን ያዝ አደረገችው። «አትተዋት፣ ማሎ፣ እባክህ። ብቻህን አትሁን።»

አልተውኳትም። ሽፋኑን ገንጥዬ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሁለታችንም ደህና ነን። ብንተያይ ግን ደስ ይለኝ ነበር።