ኬላ ላይ የተጀመረው ሽምግልና

እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ «ለምን መጣህ?» አይባልም። ነውር ነው። መጀመሪያ ግባ ይባላል፤ ቀጥሎ ቁጭ በል፤ ቀጥሎ አንድ ነገር ቅመስ። የመጣበት ጉዳይ የሚወጣው እንግዳው በልቶ ጠጥቶ፣ ስለ ዝናቡ ተወርቶ፣ ባለቤቱም በሆዱ «ይሄ ሰውዬ ምን ሊያመጣብኝ ይሆን?» ብሎ በቅጡ ከፈራ በኋላ ነው። የድንበር ኬላ ጠባዩ ተገላቢጦሽ ነው። የመኪናችሁን መስኮት ዝቅ አድርጋችሁ ሳትጨርሱ «ለምን መጣችሁ?» ይላችኋል። እኔ ያችን ጥያቄ ስንት ዘመን ስመልሳት ኖሬ፣ ዛሬ የአሜሪካ ፓስፖርት ጨብጬ እንኳ፣ ስሰማት፣ ምንም ሳላጠፋ ዶሮ እንደ ሰረቀ ሰው እስቃለሁ።

ጎረቤቶቻችን ካናዳውያን ግን ከዚች ጥያቄ ጋር ተላምደዋል። ካናዳዊ መሐንዲስ ወይም ነርስ እዚህ አሜሪካ ሥራ ሲያገኝ እንደ እናንተና እንደ እኔ ኤምባሲ ደጅ አይጠናም። ዲግሪውንና የቀጣሪውን ደብዳቤ ይዞ ኬላው ድረስ ይመጣና ኦፊሰሩ ፊት ይቆማል። እዚያው በቆመበት «እሺ» ወይም «አይሆንም» ይባላል። እሺ ከተባለ እስከ ሦስት ዓመት ይሠራል፤ ሲያልቅበት ደግሞ ተመልሶ ይጠይቃል። ታዲያ አንድ ነገር ማሳመን አለበት፦ «የመጣሁት ለጊዜው ነው፤ ሥራዬን ስጨርስ አገሬ እገባለሁ።» ሚስት ካለችው ይዟት ይገባል። እሷ ግን የገባችው በእሱ ስም ነውና መሥራት አይፈቀድላትም። ነገሩ ይኸው ነው። ቀላል ነው። ቀላል የነበረው ጋሽ ቶሎሳ እስኪገቡበት ድረስ ነው።

ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ፓርክ ያለው ቤቴ ቤዝመንት ውስጥ ናትናኤል የሚባል ልጅ ተከራይቶኝ ይኖር ነበር። እናት አባቱ አገር ቤት ናቸው። እሱ ለትምህርት ዊኒፔግ ሄዶ እዚያው ቀረና ካናዳዊ ሆነ። ከዚያ ፍሪድሊ ያለ አንድ የሕክምና መሣሪያ ፋብሪካ በመሐንዲስነት ቀጠረውና በዚያች ደብዳቤ ኬላውን አልፎ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው። ሳይነገረው በረዶ ይጠርጋል፤ ሚኒሶታ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የጨዋነት ምስክር የለም።

ናቲ ዊኒፔግ የተዋት ልጅ ነበረችው። ሶስና ትባላለች፤ ነርስ ናት። አንድ ቀን እራት ላይ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አለኝ። የዊኒፔጎቹ ሽማግሌዎች ሁሉ የልጅቷ አባት የአቶ ሰይፉ ማኅበርተኞች ናቸው፤ ወዳጃቸውን ትተው ለእሱ እንደማይከራከሩለት ያውቃል። ደግሞም የሥራ ፈቃዱ ሊያልቅ ተቃርቧል። መንገዱ ካልቀረ፣ ስንመለስ ኬላው ላይ ሊያሳድስ አሰበ።

ሦስት ሽማግሌ መረጥን። አንዱ እኔ። ዋናው ጋሽ ቶሎሳ፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠሩ፣ ያስታረቋቸው ባልና ሚስት አንድ አዳራሽ የሚሞሉ ሰው። ሦስተኛው ሽማግሌ በመጨረሻው ሰዓት የሥራ ሽፍቱን የሚይዝለት ሰው አጥቶ ቀረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ሌላ ሰው ፍለጋ አልሮጥንም። ሁለት ሆነን፣ ሙሉ ልብስ ለብሰን፣ ናቲን ሹፌር አድርገን ወደ ሰሜን ነዳን።

ስለ ጋሽ ቶሎሳ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአማርኛ ቢሉ በኦሮምኛ፣ ነገርን በሰምና በወርቅ ሸፍነው ማስቀመጥ ያውቁበታል። እንግሊዝኛ ሲገቡ ግን ቅኔውን ሁሉ ደጅ ጥለውት ነው የገቡት። እንግሊዝኛቸው እንደ ጦር ቀጥ ያለ ነው።

የካናዳው ኬላ ደረስን። አንዲት ወጣት ኦፊሰር ፈገግ ብላ «ወደ ካናዳ ምን አመጣችሁ?» አለች። ናቲ «ወዳጆች ልንጠይቅ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ጋሽ ቶሎሳ ታላቅ እያሉ ታናሽ ሲናገር ደስ አላላቸውም መሰለኝ፣ ከኋላ ወንበር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኦፊሰር፣ ዊ ኬም ቱ ቴክ ኤ ገርል።»

ልጅ ልንወስድ መጥተናል! የኦፊሰሯ ፈገግታ እዚያው ደረቀ።

«የማን ልጅ?»

«ዊኒፔግ ያለ የአንድ ሰው ልጅ ናት።»

«አባቷ ያውቃል?»

ጋሽ ቶሎሳ ደነገጡ። ሽማግሌ መላክ ትርጉሙ ሊጠፋ ነው። «ኖ! ኖ! አባቷማ ማወቅ የለበትም!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ኦፊሰሯ ፓስፖርቶቻችንን ሰበሰበችና መኪናውን ጥግ አስይዘን ወደ ውስጥ እንድንገባ አዘዘችን። እስቲ አስቡት፤ ሁለት ባለ ከረባት ሽማግሌዎችና አንድ ላብ ያጠመቀው ሙሽራ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ ተቀጣ ተማሪ ተደርድረን። ናቲ ባህላችንን ለማስረዳት ይሞክራል፤ ይንተባተባል። እኔ ልረዳው ገባሁ። ባልገባ ይሻል ነበር።

«ልጅቷ ራሷ ታውቃለች?» አለችኝ።

«በደንብ! ይሄን ከረባት ፎቶውን በስልክ አይታ የመረጠችልኝ እሷ ናት።»

«ታዲያ አባቷ ማወቅ የሌለበት ለምንድን ነው?»

«እሱም ያውቃል። ግን እንደማያውቅ ይሆናል። እኛም ማወቁን እያወቅን እንደማያውቅ ሰው እንነግረዋለን።»

እስክሪብቶዋን አነሣች። ከዚያ «የአባትየውን ስልክ ስጡኝ» አለች።

ናቲ የአማቱን ቁጥር እየነገራት ድምፁ እንደ ፍየል ይንቀጠቀጥ ነበር። ኦፊሰሯ በሩን ዘግታ ገባች። ቆየች። ስትወጣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እየታገለች ነው። ፓስፖርቶቻችንን መለሰችልንና «መልካም ዕድል፣ ጌቶቼ» አለችን። አባትየው ምን እንዳሉ ብንጠይቃት «እሳቸውን ጠይቋቸው» ብላ ሄደች።

ናቲ መኪናውን አስነሣ። አቶ ሰይፉ ኩሩ ሰው ናቸው ይባላል። ቤታቸው ሽማግሌ ሲጠብቁ የድንበር ጠባቂ ደወለላቸው! ጋሽ ቶሎሳ ከመስኮቱ ውጭ የስንዴውን ማሳ ሲያዩ ቆዩና «ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ!» አሉ። «ስንት ቤት ያቀናሁ ሰውዬ በአንድ ቃል የልጁን ቤት ሳይሠራ አፈረስኩት። ናቲ፣ መኪናውን መልስ። ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ትመጣለህ።»

«ቢመልስማ አፈግፍገው ጠፉ እንባላለን» አልኳቸው። «ከሰደቡን ቤታቸው ገብተን ይስደቡን።»

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብለው ጀመሩና ድስቱ ላይ ሳይደርሱ ዝም አሉ። ናቲ ግን መንዳቱን ቀጠለ።

እሱን የአንድ ጓደኛው ቤት አውርደን እኛ የአቶ ሰይፉን በር አንኳኳን። በሩ ተከፈተ። እሳቸውም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ፊታቸው አይነበብም። ሳሎን ገባን። በደንቡ መሠረት አልተቀመጥንም፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን።

«ቁጭ በሉ» አሉ አቶ ሰይፉ። «ሦስተኛው ሽማግሌ ቀድሟችሁ ጉዳዩን ነግሮኛል።»

«የምን ሦስተኛ?» አልኩ።

«የመንግሥት ሽማግሌ ናታ! 'ልጅዎን ሊወስዱ የመጡ ሰዎች ይዘናል፤ ያውቋቸዋል?' አለችኝ። 'አላውቃቸውም፤ ግን ስጠብቃቸው ከረምኩ። ልቀቂያቸው፣ ምሳው እየቀዘቀዘ ነው' አልኳት።»

ከጓዳ በኩል የታፈነ ሳቅ ሰማሁ፤ ሶስና ናት። ጋሽ ቶሎሳና እኔም ተቀመጥን። እኔ ግን ደስታዬን አልጨረስኩም፤ አቶ ሰይፉ ፊታቸውን መልሰው ኮስተር አደረጉ።

«አሁን ቁም ነገር። ልጁ እዚያ አገር የሚኖረው በጊዜያዊ ፈቃድ ነው ይባላል። እውነት ነው?»

ይሄን ጥያቄ ነበር መንገዱን ሙሉ የፈራነው። የሚያባብል መልስ ተዘጋጅቶልኛል። «ለአሁኑ ነው እንጂ ጌታዬ፣ ግሪን ካርዱም አይቀርም፤ እዚያው ቤት ገዝቶ፣ እዚያው ወልዶ ከብዶ፣ እስከ ወዲያኛው...» ስል የሰውዬው ግንባር እየጨለመ መጣ። ቃሌ በበዛ ቁጥር ይጨልማል። ዓይኔን ወደ ጋሽ ቶሎሳ ላክሁ። እሳቸውም ተነሡ።

«አቶ ሰይፉ፣ ወዳጄ የሚለው ሁሉ ምኞት ነው» አሉ፣ በእንግሊዝኛቸው ቀጥተኛነት፣ በአማርኛ። «ልጁ ያለው ለጊዜው ነው። ሥራው ያለቀ ቀን ሻንጣውን ይዞ ወደዚህ ይመለሳል። እኔ ልዋሽዎት አልመጣሁም።»

አቶ ሰይፉ ጉልበታቸውን መቱ።

«እንዲህ በሉኝ እንጂ! አንድ ልጄ ናት። እስከ ወዲያኛው ለሚወስዳት ሰው አልሰጥም ብዬ ምዬ ነበር። ለጊዜውማ ይውሰዳት!»

ግን ደንብ ደንብ ነውና ወዲያው እሺ ማለት ልጅን ማርከስ ነው። «ቤተሰብ ላማክር፤ በቀጠሮ ተመለሱ» አሉን። ከሌሊት ጀምሮ ነድተን ስለመጣን ቀጠሮው ለከሰዓት ሆነ። ከመንገዱ ማዶ ዶናት ቤት ገብተን፣ ከሕፃናት ጋር ተሰልፈን፣ ሁለት ሽማግሌዎች ባለ ጄሊ ዶናት በላን። ጋሽ ቶሎሳ በስኳር ነጭ የሆነ ጢማቸውን እየጠረጉ ያለ ምክንያት ይስቁ ነበር። ተመልሰን ገባን። ልጅቷ ተሰጠችን። እልልታው ጎረቤቱን ፈረንጅ በረንዳው ላይ አወጣው።

ስንመለስ የአሜሪካው ኬላ ቀረ። ናቲ ደብዳቤውን ይዞ ገባ። እንቢ ቢባል ሥራውም የለ፣ የሠርጉም ነገር ሊንዛዛ ነው። ጋሽ ቶሎሳን እጃቸውን ይዤ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው፤ አደራ ብያለሁ። እሳቸውም አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ኦፊሰሩ ወረቀቱን አገላበጠና «ሥራህ ሲያልቅ ምን ታደርጋለህ?» አለው።

«ዊኒፔግ እመለሳለሁ። ቃል አስገብተውኛል።»

«ማን ነው ቃል ያስገባህ?»

«የእጮኛዬ አባት።»

ኦፊሰሩ ቀና ብሎ አየው። «እኔም አማት አለኝ» አለና ማኅተሙን አሳረፈበት።

ተጋቡ። ሶስና መጣች፤ በናቲ ስም ገባችና የመጀመሪያውን ክረምት ቤት ተቀመጠች። ሆስፒታሉ ሁሉ የነርስ ያለህ በሚልበት ከተማ ነርስ ሥራ ፈትታ ስትቀመጥ ምን ትሆናለች? የሰፈሩን አበሻ ደም ግፊት በየቀኑ ለካች። ጨው ከለከለችኝ። ጋሽ ቶሎሳማ በመጨረሻ ሲያዩዋት መደበቅ ጀመሩ። እንደ ምንም ፈተናውን ተፈትና የሙያ ፈቃዷን አወጣችና ሴንት ፖል ያለ አንድ ሆስፒታል ቀጠራት። በራሷ ስም ለመግባት ግን ከአገር ወጥታ ኬላው ላይ መጠየቅ ነበረባት። እንዳጋጣሚ ሆኖ ያን ሰሞን የናቲ ፋብሪካ ሠራተኛ ቀነሰና እሱም ሥራ አጥቶ ነበር። አሁን ወደ ኬላው የነዳሁት እኔ ነኝ። ሶስና ኦፊሰሩ ፊት ቆማ ሁሉን በእርጋታ መለሰች። ከዚያ ሰውዬው ወደ ናቲ አየና «እሱስ?» አላት።

«ከእኔ ጋር ነው» አለች።

ዛሬ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ይኖራሉ። ማንንም ሳታስፈቅድ አሜሪካዊት ሆና የተወለደች ሴት ልጅ አለቻቸው። እናቷ ሥራ ትውላለች፤ መሥራት የማይፈቀድለት አባቷ ዳይፐር ይቀይራል፣ ሽሮ ይሠራል። ሽሮው፣ እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ጥሩ ነው።

በቀደም አቶ ሰይፉ ደወሉልኝ። የልጅ ልጃቸውን በስልክ አይተዋት ተደስተዋል።

«ስማኝማ፣ ወዳጄ» አሉኝ፤ አሁን ተዛምደን አንተ እንባባላለን። «ወግ እንዳይጓደልብኝ ብዬ እናንተ ጋ ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር፤ ልጃችሁን ናቲን ለልጄ ስጡን ለማለት።»

«ታዲያ ምን አስቀረህ?»

«ምን ያደርጋል» አሉ። «ኬላው ላይ ራሷ ተቀብላዋለች።»