የቀዝቃዛው ክፍል ሽታ ጉዳይ

ቀን፦ ሐሙስ፣ የግብፃውያን የፀደይ በዓል፣ ሻም ኤል-ነሲም፣ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው
ቦታ፦ እስክንድርያ፣ የፕሮቲን ምርምር ክፍል፣ ማራገቢያው የማይሠራው የስብሰባ አዳራሽ
የተጀመረበት ሰዓት፦ ለአራት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ተኩል

የተገኙ፦
ፕሮፌሰር ሩሽዲ፣ ሰብሳቢ
ዶክተር ሻሂናዝ፣ የደኅንነት ኃላፊ
ኡስታዝ ጊርጊስ፣ የንብረት ኃላፊ («ኡስታዝ» እዚህ «አቶ» ማለት ነው)
ዶክተር ዋጊህ፣ አባል። እርሳቸው ባይኖሩም ኮታቸው ወንበራቸው ላይ ተሰቅሏል። በክፍሉ ልማድ ኮቱ የተሰቀለ ሰው እንደተገኘ ስለሚቆጠር ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።
ቡሰይና፣ የዶክትሬት ተማሪ፣ ጸሐፊ። ድምፅም አስተያየትም አትሰጥም።

አጀንዳ አንድ፦ ሽታው

ሰብሳቢው ከቀዝቃዛው ክፍል የሚወጣው ሽታ ዲኑ ቢሮ ድረስ መግባቱን ገለጹ። ኡስታዝ ጊርጊስ በተደረገው ፍተሻ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ጣሳ ፈሲኽ፣ ማለትም ለበዓሉ በጨው የከረመ ዓሣ፣ በፕሮቲን ናሙናዎች መካከል መገኘቱን አስረዱ። የማን እንደሆነ ተጠየቀ። አባላቱ በሙሉ ጣሪያ ጣሪያውን ስላዩ ጥያቄው ታለፈ።

ዶክተር ሻሂናዝ፣ «ኧረ እኔ አፍንጫ አለኝ! ማቀዝቀዣው ይጥፋ፣ በሩ ወለል ተደርጎ ይከፈት፣ ክፍሉ አየር ያግኝ» ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊዋ እጇን አወጣች። እዚያ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት የለፋችበት ፕሮቲን እንዳለ፣ ቅዳሜ ካይሮ ባለው የራጅ ማሽን ቅርጹ እንደሚነሳና ይህን ተራ ለማግኘት ብዙ ደጅ እንደጠናች ልትናገር ነበር። ፕሮቲን በልኩ የተጠቀለለ ክር መሆኑን፣ ሙቀት ካገኘው ተፈትቶ እርስ በርሱ እንደሚጣበቅ፣ ቅርጹን ካጣም ሥራውን እንደሚያጣ ለማስታወስም አስባ ነበር፤ አባላቱ ይህን ለተማሪ የሚያስተምሩ ሰዎች ቢሆኑም። ሰብሳቢው ግን፣ «ልጄ፣ ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም» አሏት። ስለዚህ ተጽፏል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ስብሰባው እስኪያበቃ ማቀዝቀዣው እንዲጠፋና በሩ እንዲከፈት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ኮቱም ተቃውሞ አላሰማም። ኡስታዝ ጊርጊስ ወዲያው ሄደው አጥፍተው መጡ። በክፍሉ ታሪክ በተወሰነበት ዕለት ሥራ ላይ የዋለ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው።

አጀንዳ ሁለት፦ ፈሲኽ ምግብ ነው ወይስ ናሙና?

ሰብሳቢው ፈሲኹ የማንም ይሁን የማን መባረር እንደሌለበት ተከራከሩ። «የማንም ይሁን» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ዓሣው ሲከርም የገዛ ኢንዛይሞቹ ፕሮቲኑን እየቆራረጡ እንደሚያለሰልሱት፣ ይህም የክፍሉ የጥናት መስክ እንደሆነ በሰፊው አብራሩ። ዶክተር ሻሂናዝ፣ «እሰይ! እንግዲያው እኔም የሞሎኺያ ቅጠል ወጥ ድስቴን ይዤ እመጣለኋ! ዝልግልግነቱን አብረን እናጠናዋለን» አሉ። ሰብሳቢው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ነገር አትፈልጊኝ» አሉና ይህ ንግግራቸው ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አዘዙ። ትዕዛዛቸው ተመዝግቧል።

ጸሐፊዋ ዳግመኛ እጇን አወጣች። እጅ በማውጣት ጽሕፈቱን እያጓተተች መሆኗ ተነገራት።

ፈሲኹ በናሙናነት እውቅና እንዲሰጠውና ጥራቱን በመቅመስ የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወሰነ። ንዑስ ኮሚቴው እዚያው ተቋቁሞ በዳቦና በቅጠል ሽንኩርት ሥራውን ጀመረ። አፍንጫ አለኝ ያሉት ዶክተር ሻሂናዝ ደጋግመው አጣሩ። ኡስታዝ ጊርጊስ የሕማማት ጾም ላይ ስለሆኑ በማሽተት ብቻ ተሳተፉ፤ ድምፀ ተዓቅቦ ተብሎ ተይዟል።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

ጸሐፊዋ ሳይፈቀድላት ብድግ ብላ፣ «ፕሮፌሰር፣ ስለ ፈጠረዎት! ማቀዝቀዣው ከጠፋ ቆየ እኮ፤ ፕሮቲኔ እያለቀለት ነው!» አለች። ሰብሳቢው አነጋገሯ ስሜታዊ መሆኑን ጠቅሰው፣ ቢሆንም ክፍሉ እንዲጎበኝ ፈቀዱ። አባላቱ ሽንኩርታቸውን እንደያዙ ገቡ።

ጠዋት እንደ ውሃ ጥርት ብሎ የነበረው ፈሳሽ ደፍርሶ ነጭ ጓል ሆኗል። ኡስታዝ ጊርጊስ፣ «ምነው የተቀቀለ እንቁላል መሰለ?» ብለው ጠየቁ። ልክ እንደዚያ መሆኑ ተነገራቸው። «መልሶ ጥሬ ማድረግ አይቻልም?» አሉ። ዶክተር ሻሂናዝ ቀስ ብለው፣ ሕዋስ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ክሩ ሳይበላሽ የሚያጣጥፉት ረዳቶች እንዳሉት፣ እነሱ ካቃታቸው ደግሞ ሕዋሱ የተበላሸውን ምልክት አድርጎበት ወደ መፍጫው እንደሚልከው አስረዱ።

«ይህ ሁሉ ያለ ኮሚቴ?» አሉ ኡስታዝ ጊርጊስ።

ጸሐፊዋ አለቀሰች። ይህ ከአጀንዳ ውጭ ነው።

የማጠቃለያ ውሳኔ

ማቀዝቀዣው እንዲበራ፣ በሩ እንዲዘጋ፣ የፈሲኹ ናሙናነት እንዲነሳ፣ ዓሣው በማጣራት ሂደት ስላለቀም ባዶ ጣሳው ለሰብሳቢው እንዲመለስ ተወሰነ፤ ባለቤታቸው ጣሳውን ይፈልጉታልና። ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ በዚህም መሠረት የጸሐፊዋ ፕሮቲን ከአምስት ተኩል በፊት ወደነበረው ቅርጹ እንዲመለስ ኮቱን ጨምሮ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተበተነ። ጸሐፊዋ ቀዝቃዛው ክፍል ገብታ ውሳኔውን ለፕሮቲኑ ጮክ ብላ አነበበችለት። ይህ ቃለ ጉባኤ እስከተፈረመበት ሰዓት ድረስ ፕሮቲኑ ተፈጻሚ አላደረገውም።