ከትከሻ እስከ ሰኮና

ፈረስ ባለበት አገር ሁሉ አንድ የፈረስ አዋቂ አይጠፋም። ማንም ሳይጠራው ይመጣል፣ ሳይጠየቅ ይመልሳል፣ ሲሳሳት ደግሞ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ለእኛ ለአዳማ ሰዎች የደረሱን አቶ ፈዬራ ናቸው። በጦር ሜዳ የዋሉ ጀግኖች በፈረሳቸው ስም እንደሚጠሩ ሰምተው፣ የጦር ሜዳውን ትተው ስሙን ብቻ ወሰዱ፤ «አባ ዳማ» ነኝ አሉ። ዳማ ፈረሳቸው ነው። ከተማውም ከሳቸው ጋር ለመከራከር አቅም ስላልነበረው ሹመቱን አጸደቀላቸው።

አባ ዳማ የሚያውቁት በሽታ አንድ ብቻ ነው። ፈረስ ባነከሰ ቁጥር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይዞሩትና «ትከሻው ነው!» ይላሉ። ከባቡር ጣቢያው ዕቃ የሚያመላልስ የጋሪ ፈረስ እሾህ ቢወጋው፣ ትከሻው ነው። ከአቦምሳ እህል ጭኖ የመጣ በቅሎ ጉልበቱ ቢያብጥ፣ ትከሻው ነው። አንድ ቀን እኔ ራሴ ጫማ ልጦኝ እያነከስኩ ሳልፍ ወደ ትከሻዬ አተኩረው ሲያዩ ሮጬ አመለጥኳቸው።

በዚያ ዓመት ዳማ ክረምቱን ረግረግ መስክ ላይ ቆሞ ከረመ። ሰኮናው በጭቃ ርሶ ለሰለሰ፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ደርቆ ተሰነጠቀ። በመስቀል ሰሞን ጌታው በጠጠር መንገድ ጋልበውት ተመለሱ። ማታ ደህና የገባ ፈረስ ጠዋት በሦስት እግሩ ቆሞ ተገኘ። የፊት ግራ እግሩን መሬት ማስነካት አልቻለም።

«ትከሻው ነው» አሉ አባ ዳማ። ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

ባለቤታቸው እመት ዲንቄ ጎንበስ ብለው እግሩን ዳሰሱ። «ኧረ ሰኮናው ይፋጃል! ከላዩ ደግሞ የደም ሥሩ ድው ድው ይላል። እስቲ ይንኩት።»

«ትኩሳቱ ከትከሻው ወርዶ ነው» አሉ አባ ዳማ፤ ብረት አግለውም የፈረሱን ትከሻ ተኮሱት።

ጎረቤት ስለሆንኩ በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ አያቸዋለሁ። ፈረሱ ሣር ተወ። እግሩ ወደ ላይ እያበጠ ሄደ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «አባ ዳማ፣ ሰኮናውን ገልብጠን እንየው» አልኳቸው።

«አንተ ፈረስ አለህ?»

«አንዲት ባዝራ አለችኝ።»

«እንግዲያው የእሷን እይ» አሉኝና ብረታቸውን እንደገና እሳት ውስጥ ከተቱ።

በመጨረሻ ከሰኮናው በላይ፣ ጠጉሩ ከሚጀምርበት ላይ ፈነዳና ጥቁር የሚከረፋ መግል ፈሰሰ። መግሉ በታች መውጫ አጥቶ፣ ውስጥ ለውስጥ እየበላ ወደ ላይ ወጥቶ ኖሯል። አጥንቱ ድረስ ዘልቆ ስለነበር ጊዜው አልፎ ነበር። ዳማ ተኛ፤ ዳግመኛም አልተነሣ።

አባ ዳማ የፈረሱን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው «ፈርዳ ኮ፣ ፈርዳ ኮ፣ ፈረሴን» እያሉ አለቀሱ። ከሞተ በኋላ ሰኮናውን ገልብጠው በካራ ፋቁት። አንዲት ሹል ጠጠር ወጣች። መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ብዙ አዩአት።

«ይቺ ናት?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቤታቸውን ዘጉ። ያነከሱ ፈረሶች በደጃቸው ቢያልፉ የሚወጣ ሰው የለም። የከተማው ከብት ሁሉ ያለ ምርመራ ማንከስ ጀመረ። እመት ዲንቄ «ምግብም አይበሉ፣ ሰውም አይሰድቡ» ብለው ሲነግሩኝ ነገሩ እንደጠና ገባኝ። ለካ ዝምታቸው ከጩኸታቸው ይልቅ ይከብድ ኖሯል።

አንድ ጠዋት ባዝራዬን የፊት ቀኝ እግሯን አንጠልጥላ አገኘኋት። ገመዱን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። የዳማ ሬሳ ዓይኔ ላይ መጣ። አባ ዳማን አልጠራኋቸውም፤ ምን አንጀት ኖሮኝ? እሳቸው ግን በአጥሩ አይተውን ኖሮ መጡ። ተንበርክከው ሁለቱን የፊት ሰኮናዎች በየተራ በመዳፋቸው ያዙ፤ የቀኙ ይሞቃል። እግሯን አንሥተው ውስጡን በአውራ ጣታቸው ተጫኑ፤ ባዝራዬ ደንብራ እግሯን ነጠቀች።

«እዚህ ጋ ነው» አሉ በቀጭን ድምፅ።

አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች። በካራቸው ጫፍ ቀስ ብለው ፋቋት። መግሉ ፊታቸው ላይ ተፈናጠቀ፤ ሊጠርጉት እንኳን አላሰቡም። ለብ ያለ ውሃ በጨው አስመጥተው እግሯን ነከሩላት፤ በንጹሕ ጨርቅም ጠቀለሉላት። በየቀኑም ሳልጠራቸው እየመጡ ያጥቧታል፤ በኦሮምኛ ያወሯታል።

እግሯን አጽንታ የረገጠች ዕለት ቆመው አዩዋት።

«ጊዜ ነበረኝ እኮ» አሉ። «በእጄ ብነካው ኖሮ።»

በማግስቱ ባዝራዬን ኮርቻ ጭኜ ልጓሟን ሰጠኋቸው። «እኔ ዛሬ ሥራ አለብኝ፤ እርስዎ እስከ ገበያ ወስደው ያፍታቷት» አልኳቸው። ሥራ አልነበረኝም። እምቢ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ግን ወጡባት። በመንገዱ ላይ ጀርባቸው ቀጥ እያለ ሲሄዱ እስኪሰወሩ አየኋቸው፤ ቶሎ እንዳይመልሷትም ተመኘሁ።