ሀምብል ሆኖ ሥራ ፍለጋ

እንግሊዝኛ ውስጥ የማይጥመኝ ቃል ቢኖር «ሀምብል» ነው። መዝገበ ቃላቱ ትሑት ይለዋል። እሺ፣ ይሁን። ግን የድሮ ልብወለዶቻቸውን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ሀምብል ቤት ማለት ጣሪያው የሚያፈስ ጎጆ ነው። ሀብታሙ ጌታ ደግሞ ደብዳቤው ግርጌ «ሀምብል አገልጋይዎ» ብሎ ይፈርማል፤ ጫማውን የሚያወልቅለት ሰው ቀጥሮ! ድሃው ሲባል ችግሩ ነው፣ ሀብታሙ ሲባል ጨዋነቱ። ፍርድ ነው ይሄ?

አገር ቤት እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። አሁን ሐርጌሳ ሆኜ ከበርበራ ዕቃ አመላልሳለሁ። ወደቡ ላይ ተራ ስጠብቅ ልብወለድ አነባለሁ፤ ሌላ ምን ይሠራል?

ያገሬ ልጅ አስቴር ቃሉን አታውቀውም፤ ግን ከእሷ በላይ ሀምብል የለም። ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። ልጇ ግን አያሃ የሚባል ሌላ ሰፈር፣ ጎረቤት ጋ ነው የምታድረው። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ያለ አንድ ቢሮ ምግብ የምታበስል ሴት ይፈልጋል ሲባል፣ ማታ ማታ ልጄን አቅፌ ልተኛ ነው ብላ በደስታ አለቀሰች። ፈርታ ስለነበር አብሬያት ሄድኩ።

ሥራ አስኪያጇ ሶማሊ ናት፤ ጅግጅጋ ስላደገች አማርኛ ትችላለች። ምግብ ትሠሪያለሽ ወይ አለቻት።

«ኧረ ምን እሠራለሁ፣ እንዲያው እሞክራለሁ እንጂ።»

ሩዝ በሥጋስ? እንደ ሰው አይሆንልኝም። ፓስታስ? እሱንማ ተዪው። እኛ ዘንድ «አልችልም» ያለውን ሰው «ኧረ ትችላለህ!» የሚለው ሌላው ነው። አስቴር ይህንን ትጠብቃለች። ሴትዮዋ ግን አመነቻት! «ኢንሻአላህ እንጠራሻለን» ብላ ተነሣች። አስቴር ዓይኗ እንባ ሞላ።

ንዴቴ መጣ። የዚህ ከተማ አበሻ ሠርግ ያለ እሷ እጅ አይደገስም፣ ወጧን የቀመሰ ሌላ አይበላም አልኩ። ሴትዮዋ ገርሟት፣ አንተስ ማነህ አለችኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ እንደነበርኩ ነገርኳት።

«እንግሊዝኛ በደንብ ትችላለሃ?»

«ኧረ ምን እችላለሁ፣ እንዲያው እሞክራለሁ።»

ከአፌ አመለጠኝ። ቃሉን ሲተነትን የኖረው እኔው! አስቴር እንባዋን ሳትጠርግ፣ «ውሸቱን ነው! እንግሊዞቹ ራሳቸው እሱን ቢጠይቁት ይሻላቸዋል» አለች። ሴትዮዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየችና ሳቀች።

አስቴር ተቀጠረች። ዛሬ ልጇ ጎኗ ናት። ሥራ አስኪያጇም ከዚያ ወዲህ አበሻ ሥራ ፈልጎ ሲመጣ ባለጉዳዩን አትጠይቅም አሉ፤ አብሮት የመጣውን ነው። ብቻውን ከመጣ፣ ሂድና ሰው ይዘህ ና ትለዋለች።