ጉሮሮዬ ሽምግልና የሄደ ዕለት

አስተማሪ በእውቀቱ ያድራል የሚላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። አስተማሪ የሚያድረው በጉሮሮው ነው! እውቀት ቢጠፋ መጽሐፍ ይገለጣል፤ ጉሮሮ ቢጠፋ ምን ይገለጣል?

የኔ የጠፋው እዚሁ ሚዛን ተፈሪ፣ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ ነው። የኛ አገር ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ታውቁታላችሁ። ተማሪው ከታች ያወራል፣ ቆርቆሮው ከላይ ያወራል፣ እኔ መሀል ቆሜ ስለ በረሃ የአየር ንብረት እጮኻለሁ። ዓርብ ዕለት «ሰሃራ...» እንዳልኩ ድምፄ ቀጥ አለ። ለርዕሰ መምህሩ በጣቴ ጣሪያውን ባሳየው፣ «አዎ፣ ጸሎት ጥሩ ነው» ብሎኝ አለፈ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እሰየው! ግን እሁድ አለ። ጓደኛዬ ደረጀ፣ የፊዚክስ አስተማሪው፣ የባለሱቁን የጋሽ መኩሪያን ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ የሚልከው እሁድ ነው። ጋሽ መኩሪያ ከዚህ በፊት የሄዱትን ሽማግሌዎች «ልጄን ለአስተማሪ አልሰጥም» ብለው መልሰዋል። አሁን ካልሆነ በቃ፣ አለቀ። ተናጋሪው ደግሞ እኔ! ለምን ቢሉ፣ በትምህርት ቤቱ ትልቁ ድምፅ የኔ ነዋ።

«በናትህ፣ እንደምንም ለእሁድ አድርሰው!» አለኝ ደረጀ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አንጀቴን በላው።

ከዚያማ ያልዋጥኩት የለም። አከራዬ ነጭ ሽንኩርት በማር አመጡ። አንዱ ከቴፒ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ አስላከ። የታሪክ አስተማሪው አረቄ ይዞ መጣ፤ እሱም አብሮኝ ታከመ። ምንም ያልሰጠችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ብቻ ናት። «ከጩኸት ነው። ለብ ያለ ውሃ ጠጣና ዝም በል። ሹክሹክታም ክልክል ነው» አለችኝ። ዝም በል የሚባል መድኃኒት አለ እንዴ?

እሁድ ድምፄ አልመጣም። ሽታዬ ግን ከኔ ቀድሞ ጋሽ መኩሪያ ቤት ገባ።

«ኑ፣ ተቀመጡ» አሉን። ወጉን ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። አብረውኝ የመጡት ሁለት አባቶች፣ ተናጋሪ እያለ አፍ መንጠቅ ነውር ነው ብለው እኔን ያያሉ። እኔ ወለሉን አያለሁ። ቆምን... ቆምን... በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ሙሽራም አትወጣም!

ጋሽ መኩሪያ ደግሞ ዝምታ አይችሉም። ስለ ቡና ዋጋ አወሩ፣ ስለ መንገዱ አወሩ፣ ስለ ባጃጅ ነጂዎች ጥጋብ አወሩ። ወሬ ሲያልቅባቸው፣

«ምነው ሰውዬው? አፍ የለውም እንዴ?»

አንደኛው አባት አላስቻላቸውም። «አስተማሪ ነው ጌታዬ። ማስተማሩ ነው ጉሮሮውን የዘጋው።»

«አያችሁ!» ብለው ጉሮሮዬን በጣታቸው ጠቆሙ። «እምቢ ያልኩት ለዚህ እኮ ነው! ያ ደረጀም ነገ እንዲህ ሆኖ፣ ቤት ገብቶ ቃል ላይተነፍስላት? አይደረግም!»

ደረጀ ጉድህ ፈላ፣ አልኩ በሆዴ። ይኼኔ ከጓዳ የባለቤታቸው የእትዬ አስናቀች ድምፅ መጣ።

«ምን አልክ አንተ ሰውዬ? ቤት ገብቶ ዝም የሚል ባል?»

«አዎ!»

«ታዲያ ስጣቸዋ! እኔ ዕድሜ ልኬን ስመኘው የኖርኩትን ልጄን ልትነፍጋት ነው?»

ጋሽ መኩሪያ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። እኛም ተቀመጥን።

ደረጀ አገባ። ድምፄም ዝም ስል ተመለሰ። ዘንድሮ ደግሞ የደረጀ ክፍል ኮርኒስ ተሠራለትና ጉሮሮው እንደ ደወል ጠራ፤ ቤት ሲገባ ለሚስቱ የስበት ሕግ ያስረዳታል አሉ። ባለፈው ሳምንት እትዬ አስናቀች ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ድረስ መጥተው አቤት ብለዋል። ኮርኒሱ ይነሳ ነው የሚሉት!