በልኬ የተሠራው ሰውዬ

ሰው በሕይወቱ ስንት ጊዜ እንደሚለካ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ልብስ ሰፊ ወገባችሁን ይለካል፤ ጤና ጣቢያ ደም ግፊታችሁን ይለካል፤ አማት ለመሆን ያሰቡ ሰዎች ደግሞ ያለ ሜትር ከእግር እስከ ራስ ይለኳችኋል። እኔ ይህን ሁሉ በሰላም ያለፍኩ የደባርቅ አስተማሪ ነኝ። ቃሬዛ ሠሪ የለካኝ ዕለት ግን ጀርባዬን በረደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ተራራው፣ ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ እንግዳ የሚቀበል የቀርከሃ ሰው ይቁም ተባለ። ሥራው የተሰጠው ለዳባቱ ጋሽ አየነው ነው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ጎተራና ቃሬዛ ሠሩ እንጂ ሐውልት የሚባል ነገር ነክተው አያውቁም። “ልክ ሳልይዝ አልጀምርም” አሉ፤ በአጠገባቸው የተገኘሁት ደግሞ እኔ ነኝ። በቀጭን የቀርከሃ ስንጣቂ ከግንባሬ እስከ ተረከዜ ለክተውኝ ሲያበቁ፣ ሬሳ እንኳ እንዲህ አይቁነጠነጥብኝም ብለው ወቀሱኝ።

ምስሉ ሲቆም ፊት የለውም፤ ቁመቱና ወደ ግራ ያዘነበለው ትከሻው ግን እኔው ነኝ። ቀን ቀን ያስቃል። ጉም ሲወርድ ግን ነፋሱ በቀርከሃው ክፍተት ይገባና ሰው የሚተነፍስ ይመስላል። መንገደኛው ሁሉ እጅ እየነሳው ያልፋል፤ ከተማ ሲወርድ ደግሞ “መምህሩን ሰላም ብንለው ዝም አለን” እያለ ያማኛል። እኔም ስሜን ለማዳን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ሰላም እል ጀመር።

ሰላም የማልለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ። መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ አባታችንን በትውልድ ደብሩ ማስቀበር ስላልቻልኩ፣ በለቅሶው መሐል “አንተ የአባቴ ልጅ አይደለህም” አለኝ። አምስት ዓመት ተኳረፍን። ይናፍቀኝ ነበር፤ ቀድሞ መናገሩን ግን ኩራቴ አልፈቀደልኝም።

አንድ የሰኔ ማለዳ በሬን አንኳኳ። አንገቴን አቅፎ ሳመኝና፣ ትናንት መንገድ ዳር ያን ሁሉ ስናገር አንድም ሳታቋርጥ ስለሰማኸኝ እግዜር ይስጥህ አለኝ። እኔ ትናንት ፈተና ሳስፈትን ነው የዋልኩት። ቆይቶ ገባኝ። ጨነቅ ከሚባለው የተራራ ሰፈር ሲመለስ ጉሙ ውስጥ አግኝቶኛል፤ አግኝቶታል ማለቴ ነው። የቋጠረውን ሁሉ ዘርግፎ፣ አልቅሶ፣ ይቅርታ ለምኗል። ምን ምን እንዳለ ለማወቅ ጓጓሁ። ግን እኔ አልነበርኩም ብዬ ብነግረው፣ ለቀርከሃ ማልቀሱን ሲያውቅ ከዚያው ከበሩ እንደሚመለስብኝ አውቃለሁ።

እሱ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

“ቃል ባትመልስልኝም ይቅር እንዳልከኝ አውቄያለሁ” አለ። “እጅህን ትከሻዬ ላይ ስታሳርፍ ነው ያወቅኩት።”

የቀርከሃው ሰው የተሠራው ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሁለት እጁን በላዩ እንደሰቀለ ነው። እጆቹም ከዱላው ጋር በጠፍር የታሰሩ ናቸው።

ወጥቼ ላየው አሰብኩና ተውኩት። ወንድሜን ወደ ቤት አስገባሁት።

“አዎ ጋሼ” አልኩት፣ “አሳርፌያለሁ።”