ለኮመዲኖ ልጅ ስም ሲወጣ

በየቤተሰቡ አንድ ስም አውጪ አለ። የመታወቂያውን ስም ማንም ያወጣዋል፤ እናት ወይም አባት መሆን ብቻ ይበቃል። ሰፈር የሚጠራበትን፣ ባልደረባ የሚስቅበትን፣ እስከ እርጅና የማይለቀውን ስም የሚያወጣው ግን ሌላ ሰው ነው። ማንም አልመረጠውም፣ ማንም አልሾመውም፣ በፍርዱም ላይ ይግባኝ አይባልም። «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚል ካጋጠማችሁ፣ ስም አውጪው አጠገቡ ስለተቀመጠ ፈርቶ ነው።

በዚህ ቤተሰብ ሥልጣኑን የያዙት ክብርት አክስት ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ኖረዋል፤ ሜትራቸው ዛሬም ከአንገታቸው አይወርድም። «እኔ ሳልለካ አልቆርጥም» ይላሉ፤ ስለ ጨርቅም፣ ስለ ሰውም።

የውሃ ቆጣሪ ጠጋኙ በእጃቸው የወደቀው ያኔ እጮኛው፣ ዛሬ ሚስቱ የሆነችውን ልጅ ብሎ ነው። ቤተሰቧን ሊተዋወቅ አዲስ ሱፉን ለብሶ መጣ፤ ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ተቀመጥ ሲሉት «ይመቸኛል» አለ። ጠጣ ሲሉት «በቃኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላለም። ክብርት አክስት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት፤ ያን ቀን ግን ምንም አላሉም። ከወራት በኋላ፣ የእጮኛው እናት ከከባድ ሕመም ባገገሙ ሰሞን፣ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ ሳለ፣ «እስቲ ኮመዲኖን ጥሩልኝ» አሉ።

ኮመዲኖ! ያ አልጋ አጠገብ የሚገተረው ባለ መሳቢያ ሣጥን። ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ዞሮ እሱን አየው። እሱም ወዲያው ገባው። ያን ቀን ሳሎኑ ውስጥ እንደ ዕቃ ቆሞ የቀረ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

መጽናኛው ብቻውን አለመሆኑ ነበር። ሚስቱ ገና ጡት ስትጠባ ባለቃቀሷ «ፊሽካ» ተብላለች። ወንድሟ ስንት ሰዓት ነው ቢሉት እንኳ ቁርጥ ያለ መልስ ስለማይሰጥ «ምናልባት» ነው። የመንገዱ ማዶ ባለሱቅ ምንም ነገር ቢጠይቁት ቀና ሳይል ስለሚመልስ «አልቋል» ይባላል። በዚህ ሁኔታ ፊሽካ ኮመዲኖን አገባች፤ ምናልባት ሚዜ ሆነ፤ አልቋል ስጦታ ላከ።

ስሙ ቤት ውስጥ ቢቀር ደግ ነበር። አንድ ቀን ክብርት አክስት መሥሪያ ቤቱ ደውለው «ኮመዲኖን አቅርቡልኝ» አሉ። ስልኩን ያነሳው የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ከሳምንት በኋላ በስብሰባ ላይ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «የተበላሹትን ቆጣሪዎች ጉዳይ ኮመዲኖ ያየዋል» አለ። ቃለ ጉባኤ ያዡም እንደወረደ ጻፈው።

ይህን ሁሉ ስቆ አሳለፈ። አንጀቱን የቆረጠው ሚስቱን ለእርግዝና ክትትል ይዟት የሄደ ዕለት የሆነው ነው። እግረ መንገዱን ለጆሮው ሕመም ካርድ አውጥቶ ነበር። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ስም ጠራች። ደግማ ጠራች። እሱ «ይሄ ሰውዬ የት ሄዶ ነው?» እያለ ከሌሎቹ ጋር ይዟዟራል። ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ «አንተ እኮ ነህ!» አለችው። የጠፋው ሰውዬ እሱ ነበር።

ያን ምሽት የሚስቱን ሆድ እያየ ማለ። «ልጄ ወንድም ይሁን ሴት በስሙ ይጠራል። በወጣለት ስም! ዕቃ አይሆንም፣ መሣሪያ አይሆንም።» የወንድም የሴትም ስም መርጠው ተስማሙና ለማንም ላይናገሩ ተማማሉ።

ወንድ ሆነ። ክብርት አክስት የመጡት ልጁ በተወለደ ማግስት ነው። ኮመዲኖ አልጋው ፊት ለፊት ተገተረ፤ አራስ ሚስቱን ሳይሆን ልጁን ከመነጽራቸው እየከለለ።

«ስሙ ማነው?» አሉ።

ሚስቱ አፏን ስትከፍት ቀደማት። «ገና አልተስማማንም፣ አክስቴ።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ» አሉ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እያደላደሉ። «ስም በሌለው ሰው ላይ ቅጽል ስም አላወጣም። እኔ ሥራዬን የምጀምረው እናንተ ስትጨርሱ ነው።»

ኮመዲኖ ጆሮውን ማመን አቃተው። ለካ መፍትሔው ይህን ያህል ቀላል ነው! ልጁ ስም እስካልወጣለት ድረስ ማንም አይነካውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ተለወጠ። ቃል የማይወጣው ሰው ያገኘውን ሁሉ «ለልጁ ማን ብንለው ይሻላል?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ይህን ጥያቄ ሰምቶ ዝም የሚል ፍጡር ደግሞ ገና አልተፈጠረም። ሁሉም «እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ይጀምርና ሲያገባው ይውላል። የኮመዲኖ እናት የሟች ባሌን ስም ካላወጣችሁለት ቤታችሁን አልረግጥም አሉ፤ ይህንንም ለመንገር በየቀኑ ቤታቸውን ረገጡ። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ኮምፒዩተር የማያስቸግር አጭር ስም መከረ። አልቋል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የማያልቅ ነገር ተገኘለት፤ ከሳሙና ካርቶን ላይ ያነበባቸው የሚመስሉ ስሞችን ደረደረ። ምናልባት በበኩሉ ጠዋት አንድ ስም ይዞ ይመጣል፣ ማታ «እሱ እንኳ ምናልባት ይቅርባችሁ» ብሎ ይዞት ይመለሳል።

ኮመዲኖ ሁሉንም አመሰገነ። ነገሩ ሊበርድ ሲል እናቱ ዘንድ ሄዶ፣ «ኃላፊዬ የአባባ ስም ይረዝማል አለ» ብሎ ያቀጣጥለዋል።

ሚስቱ ታገሠች፣ ታገሠች፤ ልጁ በደንብ መሣቅ ሲጀምር ግን ትዕግሥቷ አለቀ። «አንተ ሰው፣ ልጄን ‘ማነህ አንተ’ እያልክ ልታሳድገው ነው እንዴ?»

«ትንሽ ቀን ስጪኝ። ክርክሩ ገና አላለቀም።»

«ክርክሩን የምታራግበው አንተ! አክስቴን ፈርተህ ልጁን ስም ነሳኸው።»

በቀጣዩ እሑድ ሁሉም ለምሳ ሲሰበሰብ ሚስቱ ብድግ ብላ ስሙን ተናገረች። እናቱ አኮረፉ። ምናልባት «ጥሩ ነው... መሰለኝ» አለ። ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ ክብርት አክስት ዞረ። ኮመዲኖ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨበጠ።

ክብርት አክስት ስሙን ቀስ ብለው ደገሙት። «ያምራል» አሉ፤ ሰሐናቸውንም ማንሳት ጀመሩ።

በቃ፤ ሌላ ምንም የለም። ኮመዲኖ ያን ቀን አየር ላይ ነበር። እሳቸው በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጡ ልጁን በሙሉ ስሙ ጠሩት። በሚቀጥለውም እንዲሁ። የአባቱን ስም ሳይቀር እየጨመሩ ነበር የሚጠሩት፤ ያንን ስም ከዚያ በፊት ከአፋቸው ሰምቶት አያውቅም። ልክ እንደ ባንክ ቤት ሠራተኛ፣ ልክ እንደ ነርሷ።

ደስታው ወር አልሞላውም፤ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥር ጀመር። ክብርት አክስት በሙሉ ስሙ የሚጠሩት ማንን ነው? የቤት አከራያቸውን። የተጣሏቸውን የቀድሞ ባልደረባቸውን። አንድ ጊዜ መጥቶ ያልተመለሰውን ቧንቧ ሠራተኛ። የኮመዲኖ ልጅ ከእነዚህ ጋር ተሰለፈ ማለት ነው?

«ልጃችንን አልወደዱትም» አለ ለሚስቱ።

«እግዚኦ! የለመንከውን አገኘህ እኮ!»

«እሱንማ አገኘሁ።»

ቅዳሜ ልጁን አቅፎ የክብርት አክስት ቤት ሄደ። የስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለው ኮሌታ ይሰፋሉ። «ግባ፣ ተቀመጥ» አሉት፤ እንደ ልማዱ ቆመ።

«አክስቴ፣ ልጁ አስቀይሞዎት ነው?»

«ይሄ ሕፃን? በምን አባቱ ያስቀይመኛል?»

«ታዲያ ምነው...» ልጁን ወደ ሌላው ክንዱ አዛወረ። ይህን ቃል ከአፉ አወጣዋለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም። «ምነው ቅጽል ነፈጉት?»

መኪናውን አቆሙ። መነጽራቸው ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ወረደ። «አንተ አይደለህም እንዴ ባየሁት ቁጥር በትከሻህ የምትከልልብኝ? ሳልለካ ልቁረጥ? ያንተንስ ቢሆን ስንት ወር ጠብቄ መሰለህ ያወጣሁት?»

«የኔማ ያን ቀን ስለተገተርኩ...»

«ስለተገተርክ?» ሳቃቸው መጣ። «ቢሆን ኖሮ ‘ምሰሶ’ እልህ ነበር። እህቴ የታመመች ጊዜ ሥራህን እየጨረስክ መጥተህ ከአልጋዋ አጠገብ የማትጠፋው ማን ነበርክ? ውሃዋ አንተ ጋ፣ መድኃኒቷ አንተ ጋ፣ መነጽሯ አንተ ጋ። እጇን ስትዘረጋ የምታገኘው አንተን። እኛ የሥጋ ዘመዶቿ ተራ ስናጣ፣ ገና ያላገባሃት ልጅ እናት ራስጌ ስትቀመጥ አየሁህ። ታዲያ ሌላ ምን ልበልህ?»

ኮመዲኖ ያን ሁሉ ዓመት የተሸከመውን ስም አሁን ገና የሰማው መሰለው። ዓይኑን የሚያስቀምጥበት አጣ፤ ጣሪያውን አየ።

«በል አምጣው» አሉና ልጁን ተቀበሉት። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያዩት ጀመር። ልጁ መጀመሪያ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ወደ አፉ ከተተ። ሲነጥቁት የመነጽራቸውን ገመድ ከተተ። እሱንም ሲያስለቅቁት የኮሌታውን ቁራጭ ላፍ አደረገ። የሚከተው ሲያጣ አፉን ከፍቶ ጠበቀ።

«ያገኘውን ሁሉ የሚከት» አሉ ክብርት አክስት፣ እየለኩ። «ሲከፈት እንጂ ሲዘጋ የማይታይ። ከአባቱም የማይለይ...» ቀና አሉ። «መሳቢያ!»

ኮመዲኖ ለመቆጣት አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሳቅ ነው፤ ሳቁ ደግሞ እንባ አመጣበት። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይለመን፣ እሳቸው ቤት ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ሲመለስ አልቋል ከሱቁ መስኮት አንገቱን አወጣ። «እኔ ምን አገባኝ፣ ግን ልጁን በመጨረሻ ማን አላችሁት?»

ያ ሁሉ ጭቅጭቅ የተጨቀጨቁበት፣ ከሚስቱ ጋር ተማምለው የደበቁት የሚያምር ስም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር።

«መሳቢያ» አለ፣ አፉን ሞልቶ።